ዐይቶ ማልቀስና ዐይቶ መከተል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሲኒማ ነው። «ካህንን ስለ ሲኒማ ምን አገባው?» የሚል ሰው ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ካህን ስለ ነፍስ ይገደዋል፤ ነፍስም ከምትቀበለው ነገር ብዙውን የምትቀበለው በዓይን በኩል ነው። ስለዚህ ምእመናን ዓይናቸውን የሚያሳርፉበትን ነገር ካህን ሊያውቀው ይገባል።

በየካና በእንጦጦ ሥር ካሉት አጥቢያዎች፥ ከየካ ሚካኤል እስከ ኮተቤ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመጣልናል። ወላጆች፥ «ልጆቻችን ሌሊቱን በፊልም ይፈጁታልና ፊልም ኃጢአት ነው ብላችሁ ከልክሉልን» ይሉናል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ፥ «ሕዝቡ የሚወደውን ፊልም ይዘን ስለ ጾም፥ ስለ ትዕግሥትና ስለ ይቅርታ ብናስተምር ይፈቀድልናል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። የወላጆቹ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የወጣቶቹም ምኞት ክፉ አይደለም። ሁለቱንም በየተራው እንመልከት።

ሲኒማ ዕድሜው ረጅም አይደለም። የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የዐድዋ ጦርነት ሊደረግ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ገባ። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የሲኒማ ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ፤ በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። ዛሬ ግን ሲኒማ ቤቱ በከተማው መካከል ብቻ አይደለም፤ ባለ ስልክ ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞራል። አባቶቻችን በሩቅ አይተው ይሸሹት የነበረው ቤት ዛሬ ከትራሳችን ሥር አድሯል።

«ሰይጣን ቤት» የሚለውን ስም ሲሰሙ በቀደሙት ሰዎች ላይ የሚስቁ አሉ። እኛ ግን አንስቅም። እነዚያ ሰዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥላ ሲሄድና ሲሮጥ ባዩ ጊዜ አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ዓይንን የሚማርክ ነገር ልብንም ሊማርክ እንደሚችል ዐውቀዋል። የሳቱት ቤቱን የሰይጣን በማለታቸው ነው። ጌታችን በወንጌል እንዳስተማረን ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ክፉ ሐሳብ ነውና፥ ግድግዳና መጋረጃ፥ መብራትና ሸራ በራሳቸው ርኵሰት የላቸውም። በብራና ላይ ወንጌል የተጻፈበት ቀለም፥ ጠንቋይ እጅ ከገባ ጥንቆላ ይጻፍበታል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ጥፋቱ የጸሐፊው፥ ቀጥሎም ያንን ወድዶ የሚያነበው ሰው ነው። ፊልምም እንዲሁ ነው።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን በዓይን ማስተማርን ከማንም አልተማረችም። የየካን ዳገት ወጥቶ ዋሻ ሚካኤልን የተሳለመ ሰው፥ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለውን ያን ጥንታዊ መቅደስ ሲያይ፥ ማንም ምንም ሳይነግረው የአባቶቹን ትዕግሥት ይማራል። ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሐ ዘመን ይሰጠዋል። ከዚያ በስተ ምዕራብ በእንጦጦ ራስ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም አለች፤ የእንጦጦ ራጉኤልም አለ። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው፥ ፊደል ባይቈጥር እንኳ፥ ከልደት እስከ ዕርገት ያለውን የጌታችንን ታሪክ በዓይኑ እያነበበ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁን ሰው ሁለቱ ዓይኖቹ እንዲታዩ አድርገው ፊት ለፊት ይሥሉታል፤ ክፉውን ሰው ግን ወደ ጐን አዙረው በአንድ ዓይን ያሳዩታል። ተመልካቹ ገና ሥዕሉን ሲያይ የማንን ፊት ማየት እንደሚገባው፥ ከማን ፊት መራቅ እንደሚገባው ያውቃል። ሠዓሊው ሥዕሉንም ፍርዱንም አብሮ ይሰጠዋል።

ሲኒማ ግን ይህ ሥርዓት የለውም። ሌባውን በሙሉ ፊቱ ያሳያል፤ መልከ መልካም አድርጎ፥ ጥሩ ልብስ አልብሶ፥ ልብን በሚያባባ ሙዚቃ አጅቦ ያቀርበዋል። አመንዝራው የፍቅር ጀግና ይባላል፤ ቂመኛው የቈራጥነት ምሳሌ ይሆናል። ተመልካቹም በሁለት ሰዓት ውስጥ፥ ሳያውቀው፥ ሌባው እንዳይያዝ መለመን ይጀምራል። እንግዲህ የወላጆች ፍርሃት እውነት የሚሆነው በዚህ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ዓይንን መጨፈን ብቻ አይደለም። የጥንቱ ሠዓሊ በብሩሹ ያደርገው የነበረውን ዛሬ አስተማሪው በቃሉ ሊያደርገው ይገባል። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ዓይን ሊኖረው የሚገባው ማን እንደ ሆነ፥ አንድ ዓይን የሚገባውም ማን እንደ ሆነ ለልጆቹ መለየት አለበት።

ይሁንና ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። በሌላው ሰው ላይ መፍረድ ለማንም ቀላል ነውና። ከዚህ የሚበልጠውን ደረጃ የሚያሳየን ነቢዩ ናታን ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፥ ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን በሰልፍ ባስገደለ ጊዜ፥ ናታን ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ አልዘለፈውም፤ ታሪክ ነገረው እንጂ። ብዙ በግ ያለው ባለጸጋ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከመንጋው መውሰድ ሳስቶ፥ ጐረቤቱ የሆነው ድኻ እንደ ልጁ ያሳደጋትን አንዲቱን በግ ነጥቆ እንዳረደ ተረከለት። ዳዊት ታሪኩን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ያ ባለጸጋ ሞት እንደሚገባው ፈረደ፤ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ እንዲከፍል አዘዘ። ያን ጊዜ ናታን ያ ክፉ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት። ዳዊትም በራሱ አፍ ራሱን እንደ ፈረደ ዐወቀ፥ ንስሐም ገባ።

አስተውሉ፤ ናታን ታሪኩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ቢመለስ ኖሮ ዳዊት ምን ይሆን ነበር? ልቡ በርኅራኄ ተነክቶ፥ ስለ ድኻው ተቈጥቶ፥ መልካም ሰው የሆነ መስሎት በዚያው ኃጢአቱ ይቀር ነበር። ታሪኩ ብቻውን አላዳነውም፤ ያዳነው ታሪኩ ወደ ራሱ ሲመለስ ነው። ዛሬም ፊልም አይቶ ያለቀሰ ሰው ሁሉ ገና በዳዊት ቍጣ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ወደ ዳዊት ንስሐ አልደረሰም።

በቅኔ ቤት ለዋሉ ይህ ነገር ግልጽ ነው። አንጥረኛ ወርቅ ሲሠራ መጀመሪያ የፈለገውን መልክ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በስፍራውም ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ መግቢያ የለውም። የፊልሙ ታሪክ ሰም ነው፤ ለነፍስ የሚሆነው ትምህርት ወርቅ ነው። ብዙ ተመልካች ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ «ምንኛ ጥሩ ታሪክ ነው፥ ተዋናዩ ምንኛ ይችላል!» እያለ ያደንቃል። የአስተማሪው ሥራ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማፍሰስ ነው።

ይህ በሥራ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት ከአገራችን ታሪክ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው፥ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል የታየው «ላምብ» ነው፤ ትርጓሜው ግልገል ማለት ነው። በዚያ በዓል በይፋ ከተመረጡት መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እርሱ ነበር። ታሪኩ ኤፍሬም ስለሚባል እናቱ ስለ ሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን በተራራማ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች ይተወዋል። ልጁ ከእናቱ የቀረችለት የምትመስለው ጓደኛው አንዲት በግ ናት። አጎቱ ግን ለመስቀል በዓል በጊቱ እንድትታረድ ያዝዛል። በዚህም ላይ ልጁ የሚችለው እርሻን ሳይሆን ወጥ መሥራትን ነውና፥ አጎቱ የሴት ሥራ ነው እያለ ይንቀዋል።

ይህን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ስለ ልጁ ያዝናል፥ በአጎቱም ይቈጣል። የናታን ታሪክ እንደ ገና ተነገረ ማለት ነው። እንግዲህ አስተማሪው እዚህ ላይ ዝም ቢል ትምህርቱ ቀረ። ዝም ሳይል እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። «በቤታችሁ ከገጠር መጥቶ የተጠጋ የዘመድ ልጅ አለን? ምን በልቶ፥ የት ተኝቶ ያድራል? የራሳችሁ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ እርሱ ወዴት ይላካል? በበዓል ቀን ለእግዚአብሔር ክብር ብላችሁ ያረዳችሁት፥ የማንን ልብ አሳዝናችሁ ነው?» ያን ጊዜ ለኤፍሬም ያለቀሰችው እናት ወደ ማጀቷ ትመለከታለች፤ በአጎቱ የተቈጣው አባት የራሱን ድምፅ ያስታውሳል። ሰሙ የሚቀልጠው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ የተጠጋ ልጅ ደብተርና እርሳስ ቢገዛለት፥ ከአንድ ሺህ ሰው ዕንባ ይልቅ በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ ነው።

ሁለተኛው በ2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው «አትሌቱ» የተባለው ፊልም ነው። ይህ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የሚናገር ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ሳለ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ሊነጋ ዕንቍጣጣሽ ሲሆን፥ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ እንደ ገና አሸነፈ፤ ያን ጊዜ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ማነጣጠር ተማረ፥ በውጭ አገርም ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ ተቀምጦ ውድድር ገባ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ወጣቶች ይህን ፊልም ሲያዩ ደማቸው ይሞቃል፤ ደግም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት የክርስቲያንን ሕይወት በሯጭ መስሎ አስተምሯል፤ ሯጮች ለሚጠፋ አክሊል ሰውነታቸውን እንደሚገዙ፥ እኛ ግን ለማይጠፋው አክሊል እንድንሮጥ አሳስቦናል። ነገር ግን ወርቁ የት ነው? ወርቁ በሮም አደባባይ አይደለም፤ ሮምን ያስገኘው ካሜራ ያልነበረበት ድካም ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ዛሬም ይህን በዓይኑ ያያል። ስማቸው ገና ያልታወቀ ወጣቶች በባሕር ዛፉ መካከል ዳገቱን ይሮጣሉ። የሚያጨበጭብላቸው የለም። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነት በጭንቅ ሲለምደው ኦክሲጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ስለዚህ በስሱ አየር የተጨነቀ ሯጭ ወደ ዝቅተኛው አገር ሲወርድ ብርቱ ይሆናል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን አጽዋማት የሠራችልን ልታደክመን አይደለም፤ የነፍስ እንጦጦ ልትሆነን ነው። በጾም ቀን ጥቂት የከበደው ሰው በፈተና ቀን አይወድቅም። ስለዚህ አስተማሪው ፊልሙን ካሳየ በኋላ ወጣቶቹን አበበን እንዲያደንቁ ብቻ አይተዋቸው። «አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ አንተ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ለኪዳን ለመነሣት ጫማህን አግኝተሃል፥ ምን ይከለክልሃል?» ብሎ ይጠይቃቸው። ስለ መጨረሻውም የአበበ ዘመን ያሳስባቸው፤ እግር ሲታሰር እጅ እንደሚቀር፥ እግዚአብሔር አንዱን በር ሲዘጋ ሰው በሌላው ሊያመሰግነው እንደሚችል ይንገራቸው። በአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ይህን ሲሰማ ይጽናናል።

ምእመናን ሆይ፤ ፊልም ለማስተማር እንደሚጠቅም እስካሁን ተናገርን። አሁን ደግሞ ድንበሩን እንናገራለን፤ ድንበር የሌለው እርሻ ለጠብ ይሆናልና።

በ1996 ዓ.ም. «የክርስቶስ ሕማማት» የተባለው የሜል ጊብሰን ፊልም ወጣ። የሚናገረው በአራማይክና በላቲን ቋንቋ ነው። ከወገኖቻችንም ብዙዎች በሰሙነ ሕማማት ያዩታል፥ አምርረውም ያለቅሳሉ። ዕንባቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን በስቅለት ዕለት ሕዝበ ክርስቲያኑ በየካ ሚካኤል፥ በእንጦጦ ማርያምና በየአጥቢያው ሲሰግድ፥ አንድ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ያንን ፊልም እያየ «እኔም ሕማማቱን አሰብሁ» ቢል ተታልሏል። ስለ ምን ቢሉ፥ በፊልሙ ሌላ ሰው ሲገረፍ እናያለን፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ ጕልበታችን ራሱ መሬት ይነካል። በዕለቱም መጨረሻ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጥብጠባ ሲያደርግ የሚነካው የእኛው ጀርባ ነው፤ በደለኛው ማን እንደ ሆነ፥ ግርፋቱም ለማን ይገባ እንደ ነበረ በዚያች በትንሿ ቅጠል እንማራለን። ናታን ለዳዊት ያደረገውን ቤተ ክርስቲያን በዓመት በዓመቱ በጥብጠባ ታደርግልናለች። ፊልም ይህን ሊያደርግ አይችልም።

እንዲሁም ጌታን መስሎ የተጫወተው ሰው ተዋናይ ነው። ፎቶግራፉን በቤታችሁ ከቅዱሳት ሥዕላት አጠገብ አትስቀሉ። ቅዱስ ሥዕል በሥርዓት ተሥሎ፥ በጸሎት ተባርኮ፥ ክብሩን ወደ ባለቤቱ የሚያደርስ ነው። የተዋናይ ፎቶግራፍ ግን የዚያው ሰው መልክ ነው፤ በሌላ ፊልም ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

ተዋናይ ሥራው ሲያልቅ በፊቱ የተቀባውን ቀለም ታጥቦ፥ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደቀ መዝሙር ግን የሚለውጠው ልብስ የለውም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር በእንጀራ ፍለጋ የወጡ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በባሕር ዳርና በበረሃ ተገደሉ። ገዳዮቹ ሥራቸውን በካሜራ ቀርጸው ለዓለም ሁሉ በተኑት፤ አሳባቸው ክርስቲያኖችን ለማስፈራራት ነበር። ዓለም ግን ያየው ሌላ ነገር ነው፤ የጸኑትን አየ። ቤተ ክርስቲያናችንም እንደ ሰማዕታት ታስባቸዋለች። ያን ምስል ለልጆች አሳዩ አንልም፤ ደጋግሞ ማየትም ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ካሜራ በገዳይ እጅ ሳለ እንኳ የእግዚአብሔርን ምስክሮች ሊሸፍን እንዳልቻለ አስቡ። እነዚያ ወጣቶች አንዳች የተጻፈላቸውን ቃል አላጠኑም፤ ያጠኑት እምነት ግን በዚያች ሰዓት ተገኘ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው መልኩን በሚረሳ ሰው ይመስለዋል። ሲኒማ ትልቅ መስተዋት ነው። መብራቱ ሲበራ ሁላችን ዓይናችንን ጠርገን እንወጣለን፥ በር ላይ ስንደርስም ረስተነዋል።

ይህ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ አንዲት ድኻ እናት የተሠራ ፊልም ሲታይ አዳራሹ በለቅሶ ይሞላል። ነገር ግን በዚሁ በእኛ ተራራ እናቶች ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፥ ወገባቸው ተቈልምሞ፥ ያን ረጅም ቍልቍለት ለስንት ዘመን ሲወርዱ ኖረዋል! ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፥ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ጀምሮ፥ የተራራው መልክ ብዙ ተለውጧል፤ የድኻ ድካም ግን ከከተማችን አልጠፋም። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ከየአገሩ የሚመጡ ሕሙማንም አሉ፤ የሚያስታምማቸው፥ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያቀርብላቸው ዘመድ የሌላቸው በመካከላቸው ይገኛሉ። እነዚህን ስናይ ሙዚቃ አይሰማም፤ ካሜራውም ወደ ፊታቸው ቀርቦ ዕንባቸውን አያሳየንም። ስለዚህ አናለቅስም፤ እናልፋለን።

ወንበዴዎች ደብድበው በመንገድ የጣሉትን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት ነበር። ወንጌሉ አላዩትም አይልም፤ ዐይተው ገለል ብለው አለፉ ይላል እንጂ። ሳምራዊውም አየው፤ ግን ከአህያው ወረደ። እንግዲህ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይደለም፤ ዓይን ሁሉም ነበራቸው። ልዩነቱ ከአህያ በመውረድ ነው። ክርስቲያናዊ ፍቅር ከማየት ይጀምር ይሆናል፤ ክርስቲያናዊ ኑሮ የሚጀምረው ግን ከመውረድ ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁን ሁሉ ምክራችን ይህ ነው።

ለወላጆች፤ ልጆቻችሁን ከፊልም ጋራ ብቻቸውን አትተዉአቸው። ስልኩን ነጥቆ መደበቅ ለአንድ ቀን ይሆናል፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማየትና «ይህ ሰው ያደረገው መልካም ነውን?» ብሎ መጠየቅ ግን ለዕድሜ ልክ ይሆናል። ዝሙትንና ደም ማፍሰስን የሚያስወድደውን ግን ያለ ማመንታት ከቤታችሁ አስወጡት። የሌሊቱ እንቅልፍና የማለዳው ጸሎትም በፊልም እንዳይሰረቅ ሰዓት ወስኑለት።

ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፤ አንደኛ፥ ያላያችሁትን አታሳዩ፤ አስቀድማችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዩት፥ ለንስሐ አባታችሁም አማክሩ። ሁለተኛ፥ በቅዳሴ፥ በኪዳንና በማኅሌት ሰዓት አታድርጉት፤ ወደ መቅደሱም አታስጠጉት፥ ለዚህ የሚሆን አዳራሽ ይኑረው። ሦስተኛ፥ ሙሉውን ፊልም ማሳየት ግድ አይደለም፤ ለትምህርታችሁ የሚሆን ዐሥር ደቂቃ ካገኛችሁ ይበቃል፥ ከዚያ የሚበልጠውን ጊዜ ለመጽሐፍ ቅዱስ ስጡት። አራተኛ፥ መብራቱ ሲበራ ጉባኤውን አትበትኑ፤ የትምህርቱ ሰዓት ያን ጊዜ ነውና። መጀመሪያ፥ «በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይን የሚገባው ማን ነው? አንድ ዓይን የሚገባውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም፥ «እኔ ከማን ጋራ እመስላለሁ?» ብሎ እያንዳንዱ በልቡ እንዲመረምር ጊዜ ስጡት። አምስተኛ፥ ያለ ሥራ አታሰናብቱአቸው። በዚያው ሳምንት የሚደረግ አንድ ነገር ተስማሙ፤ የታመመ መጠየቅ፥ የተጣላ ማስታረቅ፥ ሸክም የከበዳትን እናት ሸክም መቀበል። በሚቀጥለው እሑድ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለዚያ ሥራ ይሁን።

ለእናንተም ለወጣቶች፤ ዕንባችሁን አትናቁት፥ አትመኑበትም። ዕንባ እግዚአብሔር ልብን የሚያንኳኳበት ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሩ ሲንኳኳ ሰምቶ ከመቀመጫው ያልተነሣ ሰው እንግዳውን አልተቀበለም። በፊልም የወደዳችሁትን ጀግና ለመምሰል ጠጕራችሁን ከምትቈረጡ፥ ልብሳችሁንም ከምትለውጡ፥ በእርሱ ያያችሁትን ትዕግሥትና ቸርነት ልበሱት።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ፊልም ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ስም በመጨረሻ ላይ ተጽፎ ይወጣል፤ ሕዝቡ ግን ሳያነበው ተነሥቶ ይሄዳል። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን የሕይወት መጽሐፍ አለ፤ በዚያም የሚጻፈው ያለቀሰው ሁሉ ሳይሆን መስቀሉን ተሸክሞ የተከተለው ነው። ከሞት በኋላ የኑሯችን ታሪክ በፊታችን በሚገለጥበት በዚያ ቀን፥ ተመልካች ሆኖ የሚቀመጥ ማንም የለም። እንግዲህ ዛሬ፥ ገና ጊዜው ሳለ፥ ባየነው ነገር ራሳችንን እንድንመረምር፥ ከአህያችንም እንድንወርድ ይርዳን።

ለነቢዩ ለናታን ጥበብን፥ ለንጉሡ ለዳዊት ንስሐን የሰጠ አምላክ፥ ለእኛም የሚያይ ዓይን፥ የሚመለስ ልብ፥ የሚሠራ እጅ ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ፥ የሰማዕታትም ጸሎት ከሁላችን ጋራ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።